ላክቴዝ

ላክቴዝ፦ ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር ወደ ግሉኮስና ጋላክቶስ የሚከፍል ኢንዛይም። የሚመረተው በትንሹ አንጀት የውስጥ ሽፋን ሕዋሳት ነው።

ዘረመሉ በሰውነት ሕዋሳት ሁሉ ቢኖርም ሥራ ላይ የሚውለው በአንጀት ሽፋን ነው፤ በዚያ ያሉ እንደ ሲዲኤክስ2 ያሉ ፕሮቲኖች ተጣብቀው ያስነሡታል። በፅንስ ላክቴዝ በብዛት የሚጨምረው በእርግዝና የመጨረሻ ወራት ስለሆነ፣ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ያንሰዋል። ጡት ከጣሉ በኋላ ደግሞ በአብዛኞቹ ሰዎች ምርቱ እየቀነሰ ይሄዳል።

የማይቀንስባቸውም አሉ። ከዘረመሉ 14 ሺህ ፊደል ያህል ርቆ፣ በሌላ ዘረመል ውስጥ መቆጣጠሪያ ቦታ አለ፤ እዚያ አንዲት ፊደል ስትለወጥ ላክቴዝ በጉልምስናም ይመረታል። በ2007 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ አፍሪካ፣ በ2013 ደግሞ በኢትዮጵያ ላይ የታተሙ ጥናቶች፣ እዚህ የተገኙት ለውጦች ከአንድ በላይ መሆናቸውን አሳይተዋል።

ሞያሌ አጠገብ እንዳለችው ቦሪ ባሉ የቦረናና የገብራ አርብቶ አደር አካባቢዎች ወተት ዋና ምግብ ነው። የቦረናው እርጎ፣ ኢቲቱ፣ ግን ለላክቴዝ ሥራ ያቀልለታል፦ ባክቴሪያዎች ከላክቶሱ ከፊሉን አስቀድመው ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል። ስለዚህ እርጎ የተስማማው ሁሉ ላክቴዝ አለው አይባልም።