ስንት ጨረር ይበቃል?
የሕፃናት አንጎል ዕጢና የዶክተር ኢዲት ፓተርሰን ሥራ

በሕፃናት አንጎል ላይ ከሚነሡት ክፉ ዕጢዎች መካከል በብዛት የሚታወቀው ሜዱሎብላስቶማ የሚባለው ነው። የሚነሣው በራስ ቅል ኋላ በኩል ከሚገኘውና የሰውነትን ሚዛን ከሚጠብቀው ንዑስ አንጎል ሲሆን፣ ልጁን ራሱን ያመዋል፤ ጧት ጧት ያስመልሰዋል፤ ቀጥሎም አረማመዱ ይንገዳገዳል።

ይህን ዕጢ ለይተው ስም የሰጡት ሃርቪ ኩሺንግና ፐርሲቫል ቤይሊ የተባሉት አሜሪካውያን ሐኪሞች ናቸው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1925 ነበር። ስሙ የወጣለት ሜዱሎብላስት ከሚባል የሽል ሕዋስ ይመነጫል ተብሎ ስለ ተገመተ ነው፤ ሆኖም እንዲህ ያለው ሕዋስ እስከ ዛሬ አልተገኘም። በቀዶ ሕክምና ጥበብ በዓለም የታወቁት ኩሺንግ በ1930 የ61 ሕሙማንን ታሪክ መርምረው ሲያቀርቡ፣ ሦስት ዓመት በሕይወት የቆየው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዕጢው በቢላዋ ቢወጣም፣ ከእርሱ የተላቀቁት ሕዋሳት በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ዙሪያ በሚመላለሰው ፈሳሽ እየተጓዙ በሌላ ስፍራ ይበቅሉ ነበር።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ካስገኙት ተመራማሪዎች አንዷ እንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ፣ በክሪስቲ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ኢዲት ፓተርሰን ናቸው። ባለቤታቸው ራልስተን ፓተርሰን ከ1931 ጀምሮ የዚያው የራዲየም ሕክምና ተቋም መሪ ነበሩ። እርሳቸው ግን በ1938 ሥራ ጀምረው፣ ጨረር በሕያው ሕዋስ ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ በመመርመርና በሕፃናት ካንሰር ሕክምና በራሳቸው ሥራ ዝናን አትርፈዋል።

በ1953 ከባልደረባቸው ከፋር ጋር ባወጡት ጽሑፍ ያስረዱት ሐሳብ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ጠላቱ በፈሳሹ የሚጓዝ ከሆነ፣ ጨረሩ ዕጢው በነበረበት ቦታ ላይ ብቻ ሳይወሰን ከአንጎል አንሥቶ እስከ ኅብለ ሰረሰር ጫፍ ድረስ ያለውን ሁሉ፣ ክፍተት ሳይተው እንደ አንድ አካል መሸፈን አለበት። በዚህ መንገድ ከታከሙት 27 ሕሙማን መካከል ሦስት ዓመት በሕይወት የመቆየቱ ዕድል ከመቶ 65 ያህል ሆነ። ከኩሺንግ ዘገባ በኋላ ገና 23 ዓመት ነበር ያለፈው።

ይሁን እንጂ ድሉ ዋጋ አስከፈለ። በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ የሚያርፍ ጨረር የልጁን የማስታወስና የመማር ችሎታ ይቀንሳል፤ የእድገት ሆርሞን የሚያመነጨውን ዕጢ ያዳክማል፤ የአከርካሪ አጥንትንም ከእድገቱ ይገታል። ልጁ ባነሰ ዕድሜ በታከመ መጠን ጉዳቱ ይከፋል። ስለዚህ ከፓተርሰን በኋላ የመጡት ሊቃውንት ዋና ጥያቄ ሕፃኑን ሳያሳጣ የሚያድነው ዝቅተኛ መጠን የትኛው ነው የሚል ሆነ።

ለብዙ ዘመን ለአንጎልና ለኅብለ ሰረሰር በጠቅላላው የሚሰጠው የተለመደ መጠን 36 ግሬይ ነበር። በኋላ ግን ዕጢው ላልተሠራጨባቸው ሕፃናት ጨረሩን ወደ 23.4 ግሬይ ዝቅ አድርጎ የካንሰር መድኃኒት መጨመር እንደሚቻል ታወቀ። ሮጀር ፓከርና ባልደረቦቻቸው በ2006 ባወጡት ጥናት፣ እንዲህ ከታከሙት ከመቶ 81 ያህሉ አምስት ዓመት ሕመሙ ሳይመለስባቸው ቆይተዋል። በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ3 እስከ 7 ዓመት ላሉ ሕፃናት መጠኑን ወደ 18 ግሬይ ለማውረድ ሞከረ። የእነዚህ ልጆች አእምሮ የተሻለ ቢጠበቅም፣ ሕመሙ ሳይመለስባቸው አምስት ዓመት የቆዩት ከመቶ 71.4 ብቻ ሆኑ፤ 23.4 ግሬይ የተሰጣቸው ግን 82.9 ነበሩ። እንግዲህ ለልጁ አእምሮ የሚበጀው መጠን ሕይወቱን ሊያሳጣው እንደሚችል ተረጋገጠ።

ዛሬ ሜዱሎብላስቶማ በዘር ቅንጣቶቹ ጠባይ በአራት ዋና ዋና ወገኖች እንደሚከፈል ታውቋል። ከእነዚህም አንዱ በሕፃናት ላይ በሕክምና በእጅጉ የሚድን በመሆኑ፣ ጨረሩን መቀነስ የሚቻለው ለማን እንደሆነ ለመለየት ተስፋ ይሰጣል።

ከዚህ ታሪክ ለሙያችን የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ኩሺንግ የሞቱትን ሳይደብቁ ስለ ቈጠሩ፣ ፓተርሰን የሚሻለውን መንገድ ማወዳደር ተቻላቸው። ከዳኑት ሕፃናት ጋር የኖሩት ሐኪሞችም ልጆቹ በትምህርት ቤት የገጠማቸውን ስለ መዘገቡ፣ የመጠኑ ጥያቄ ተነሣ። ስለዚህ አንድ ሕፃን ዳነ ብለን መዝገቡን ስንዘጋ፣ ከዓመታት በኋላ እንዴት እንደ ኖረ የሚጻፍበት ገጽ ልንተውለት ይገባል።