ደብረ ሲናና ሲና በረሃ

ለአንዲት ምድር ሁለት ስም አለን። በቅዳሴውና በአያቶቻችን አፍ ደብረ ሲና ትባላለች፤ ሙሴ ዐሥርቱን ቃላት የተቀበለባት ቅድስት ተራራ ናት። በስደተኛው ትውልድ አፍ ግን ሲና በረሃ ትባላለች፤ እኩለ ሌሊት ላይ ከማይታወቅ ቁጥር የሚደወልባት፣ የወንድም ጩኸት በዶላር የሚተመንባት ምድር ናት። በ2019 በመጋቢት ወር ከአብሮ አደጌ ጋር ተራራዋን እስከወጣሁባት ዕለት ድረስ ሁለቱን ስሞች አገናኝቼ አስቤ አላውቅም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለድሁት በሰሜን ሸዋ፣ ከጣርማ በር ግርጌ በምትገኘው በደብረ ሲና ከተማ ነው፤ ያደግሁት ግን አዲስ አበባ ነው። ጎረቤታችን የከረን ተወላጅ ነበሩ፤ እኛ ልጆች «እትዬ» እንላቸው ነበር። ጓደኛዬ የእርሳቸው ልጅ ነው። እትዬ ከእናቴ ጋር ቡና ሲጠጡ፣ «ደብረ ሲና ማለት የኛዋ የማርያም ገዳም ናት፤ በሰኔ አገር ምድሩ የሚሳለማት» ይሉ ነበር። እናቴም፣ «የኛዋ ደግሞ ከተማ ናት፤ ገበያ አላት» ብላ ትመልሳለች። በጣና ዳር፣ በጎርጎራ ያለችውን ደብረ ሲና ማርያምን የሚጠቅስ ጎንደሬ በመካከላቸው ቢኖር ኖሮ ክርክሩ እስከ ማታ በዘለቀ ነበር።

ይህ የስም ሽሚያ ቀልድ ብቻ አልነበረም። የቀደሙት አባቶቻችን የመጽሐፍ ቅዱስን ምድር ወደ ገዛ አገራቸው የማምጣት ልማድ ነበራቸው፤ በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት መካከል ያለው የውኃ መውረጃ ዮርዳኖስ መባሉ ለዚህ ምስክር ነው። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን በመቅደሱ ታቦት አለው፤ ታቦቱም በሲና የተሰጠው ጽላት ምሳሌ ነው። ስለዚህ ከመረብ ወዲህም ሆነ ከመረብ ወዲያ ደብረ ሲናን ያልተሸከመ ደብር የለም ማለት ይቻላል።

መረብ ግን በ1998 የጦር ግንባር ሆነ። በሁለቱ መንግሥታት መካከል ጦርነት ሲነሣ በኢትዮጵያ ይኖሩ የነበሩ በዐሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያንና ትውልደ ኤርትራውያን ተጋዙ። እትዬና ልጃቸው ከእነዚያ መካከል ነበሩ፤ ጀበናቸው እኛ ቤት ቀረ። ጓደኛዬ በኤርትራ የብሔራዊ አገልግሎቱ ማብቂያ ቢያጣ ወደ ሱዳን ተሻገረ። በ2008 በጭነት መኪና ላይ፣ በሸራ ተሸፍኖ ሲናን በሌሊት አቋረጠና እስራኤል ገባ። ከስድስት ዓመት በኋላ ካናዳ ደረሰ። እኔም በሌላ መንገድ ወጥቼ ጀርመን ተቀምጬ ነበር።

ከ2012 ወዲህ እኔና እርሱ እንኳን አደረሰህ መባባል እንኳ አቁመን ነበር፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እናገራለሁ። በሐምሌ 2018 በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ለሃያ ዓመት ተዘግቶ የነበረው የስልክ መስመር ሲከፈት እናቶቻችን ተገናኙ። አልቅሰው ሲያበቁ ሁለቱም የጠየቁት ስለ እኛ ነበር። እኛም የእነርሱን ጥያቄ ሸሽተን መኖር አልቻልንም። የሲናን ጉዞ ያቀደው እርሱ ነው።

ብዙው ጎብኚ ተራራውን የሚወጣው በሌሊት ነው፤ የፀሐይን መውጣት ከጫፉ ላይ ለማየት። መሪ የሆነን በደዊም ይህንኑ መከረን። ጓደኛዬ ግን በሱዳን በተማረው ዐረብኛ፣ «በሌሊትስ አንዴ አልፌበታለሁ፤ አሁን በቀን ልየው» አለው። ስለዚህ ጉዟችንን የጀመርነው ፀሐይ የገዳሙን ቅጥር ከነካች በኋላ ነበር።

የቅድስት ካትሪና ገዳም ንጉሠ ነገሥት ዩስቲኒያኖስ በ6ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በግራናይት ቅጥር ያጠረው ነው። ሥፍራው ግን ከዚያ በፊትም የታወቀ ነበር፤ ኤገርያ የተባለችው ተሳላሚ በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ተራራውን ወጥታ ያየችውን ጽፋለች። የኦሪቱ ሲና ይህ ተራራ ስለ መሆኑ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። ከኤገርያ ዘመን ጀምሮ ሰው እያመነ የወጣው ግን ይህንኑ ነው። በቅጥሩ ውስጥ ዕፀ ጳጦስ እየተባለ የሚሳለሙት ቁጥቋጦ አለ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብም በፋጢማውያን ዘመን የተሠራ መስጊድ ቆሟል። የገዳሙ ቤተ መጻሕፍት የግሪክኛ፣ የዐረብኛ፣ የሱርስትና የጆርጂያ የብራና መጻሕፍት መዝገብ ሲሆን ግዕዝም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው።

ስለ መጻሕፍቱ ሳነሣ ለጓደኛዬ የኮዴክስ ሲናይቲኩስን ታሪክ ነገርሁት። ይህ በ4ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ የግሪክኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለብዙ ዘመን በዚህ ገዳም ተጠብቆ ኖሯል። ቲሸንዶርፍ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1844 ጥቂት ቅጠሎቹን፣ በ1859 ደግሞ አብዛኛውን ክፍል ይዞ ወጣ። ይህ ክፍል ወደ ሩሲያ ገባ፤ በ1933 የሶቪየት መንግሥት በ100 ሺህ ፓውንድ ለብሪቲሽ ሙዚየም ሸጠው። ጓደኛዬ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ «መጽሐፉንም ሸጡት በለኛ!» አለ። ሣቀ፤ እኔ ግን አልሣቅሁም።

ወደ ላይ የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በልማድ 3,750 ደረጃ አለው የሚባለው፣ መነኰሳት ለንስሐ ከድንጋይ ያነጹት ቀጥ ያለ መወጣጫ ነው። ሁለተኛው የግመል መንገድ ይባላል፤ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የግብፅ ገዢ አባስ ፓሻ ያስጠረገው ነው። አባስ በአቅራቢያው ባለ ሌላ ተራራ ላይ ቤተ መንግሥት ማስገንባት ጀምሮ ሳይፈጽመው በ1854 ሞተ፤ ያ ተራራ ዛሬም በስሙ ይጠራል። እኛ በግመሉ መንገድ ወጥተን በደረጃው ለመውረድ ተስማማን።

መሪያችን ከጀበሊያ ነገድ ነበር። ጀበሊያ ዩስቲኒያኖስ ገዳሙን እንዲጠብቁና እንዲያገለግሉ ካመጣቸው ቤተሰቦች እንደሚወለዱ ይናገራሉ፤ እስከ ዛሬም ከገዳሙ ጋር እየኖሩ ነው። በመንገድ ዳር ባለች የሻይ ጎጆ ዐረፍ ስንል ሰውዬው ጓደኛዬን፣ «በሌሊት ያለፍኸው መቼ ነው?» ሲል ጠየቀው። ጓደኛዬ ነገረው። ሰውዬው ብርጭቆውን አስቀምጦ ጥቂት ዝም አለ። «ያ በሰሜን ነው፤ የኛ ምድር አይደለም» አለ። ከዚያም የሻዩን ሒሳብ እኛን ከልክሎ ራሱ ከፈለ።

እውነቱን ነበር። የደቡቡ የተራራ ሕዝብ በሰሜን ለተሠራው ግፍ አይጠየቅም። በሰሜንም ቢሆን ያመለጡትን በቤታቸው አስጠልለው ያዳኑ የበደዊ ሽማግሌዎች ነበሩ። ሆኖም ከ2009 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት በሰሜን ሲና የሆነው ከታሪክ ሊፋቅ አይችልም። መጀመሪያ ስደተኛው በፈቃዱ ለደላላ ከፍሎ ነበር የሚሻገረው። ቆይቶ ከሱዳን ካምፖች ዙሪያ ሳይቀር እየተጠለፈ ይሸጥ ጀመር። አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ፤ ኢትዮጵያውያንና ሱዳናውያንም ነበሩባቸው። በሰንሰለት ታስረው እየተገረፉ፣ እየተቃጠሉ፣ ጩኸታቸው በስልክ ለዘመድ እንዲሰማ ይደረግ ነበር። ቤዛው ከጥቂት ሺህ ዶላር ተነሥቶ 30 ሺህና 40 ሺህ ደረሰ። እስራኤል ከ2010 ጀምሮ በድንበሩ ላይ የሠራችው አጥር ዋናው ክፍል በ2013 ሲያልቅ መሻገሪያው ተዘጋ፤ ጠለፋው ግን ወዲያው አልቆመም።

ይህን ገንዘብ የከፈለው ማን ነበር? እኛ ነበርን፤ በስቶክሆልም፣ በፍራንክፈርት፣ በዋሽንግተን፣ በጅዳ የምንኖር። በቤተ ክርስቲያን ደጅና በቡና ቤት ሙዳይ ዞሯል። እናቶች የአንገት ሐብላቸውን ሸጠዋል።

በ2012 መጨረሻ ጓደኛዬ ከቴል አቪቭ ደወለልኝ። የአክስቱ ልጅ፣ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ተይዞ ነበር፤ የተጠየቀው 30 ሺህ ዶላር ነው። እኔም መከራከር ጀመርሁ። ገንዘቡ ነገ ሌላ ሰው እንደሚገዛበት፣ ቤዛ መክፈል ንግዱን እንደሚያደልብ አስረዳሁት። የተናገርሁት ሐሰት አልነበረም። ዳሩ ግን ክርክሩ የመጣው ከአእምሮዬ ሳይሆን ከኪሴ ነበር፤ ይህን ያን ጊዜም ዐውቀው ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ አምስት መቶ ዩሮ ላክሁ። ገንዘቡ ሳይሞላ ስልኩ ጠፋ፤ ልጁም እንደ ወጣ ቀረ።

የግመሉ መንገድ ከደረጃው ጋር ሲገናኝ 750 ያህል ደረጃዎች ይቀራሉ። እነርሱን ስንወጣ አንዳችንም አልተናገርንም። ጫፉ 2,285 ሜትር ነው። በላዩ በ1934 በጥንታዊው ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ላይ የታነጸች ትንሽ የሥላሴ ጸሎት ቤትና አንዲት መስጊድ አሉ። በዙሪያው ቀይና ቡናማ ግራናይት እንደ ማዕበል ተደራርቦ ይታያል፤ በደቡብ ምዕራብ በኩል በግብፅ ምድር ከሁሉ የሚበልጠው የካትሪና ተራራ ቆሟል። ውበቱን አልክድም፤ እንዲህ ያለ ዝምታ ሌላ ቦታ ሰምቼ አላውቅም።

ጓደኛዬ መሪውን፣ «ኤል አሪሽ በየት በኩል ነው?» አለው። ሰውዬው ወደ ሰሜን አመለከተ። ከሸንተረር በኋላ ሸንተረር እንጂ የሚታይ ነገር አልነበረም። ጓደኛዬ ወደዚያ ዞሮ ረጅም ጊዜ ቆመ።

«ያን ጊዜ የላክሁት...» ብዬ ጀመርሁ።

«አምስት መቶው ደርሶኛል» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር። «ደብተር አለኝ። ከማን ስንት እንደ መጣ ጽፌበታለሁ። ቀኑንም ጽፌዋለሁ።»

«ቀኑንም?»

«ቀኑንም። ሃምሳ ሦስት ሰው ነው። ቀስ እያልሁ እየመለስሁላቸው ነው። ያንተ ገና ነው።»

አትመልስልኝ ለማለት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፤ ያን ማለት የእርሱን ሒሳብ በኔ ቸርነት ማጥፋት መስሎ ታየኝ።

በደረጃው ስንወርድ ከድንጋይ በተሠራች ቅስት በር ሥር አለፍን። በሩ በ6ኛው መቶ ዘመን በኖረው በመነኩሴው እስጢፋኖስ ስም ይጠራል። እርሱ ወደ ተራራው የሚወጣውን ምእመን በዚያ ተቀምጦ ኑዛዜ ሳይቀበል አያሳልፍም ነበር ይባላል፤ ዐፅሙ ዛሬም በገዳሙ የዐፅም ቤት ልብሰ ምንኩስናውን እንደ ለበሰ ተቀምጧል። የጥንቶቹ ተሳላሚዎች በሩን የሚያገኙት ሲወጡ ነበር። እኛ ያገኘነው ስንወርድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ደብተር ማሰብ አልተውሁም። የገዳሙን መጻሕፍት ሊቃውንት ለዘመናት ሲመረምሩ ኖረዋል፤ በ1975 እንኳ ተረስተው የነበሩ ብዙ የብራና ቅጠሎች በገዳሙ ውስጥ ተገኝተዋል። የሲና በረሃን ታሪክ የሚጽፍ ግን ከየት ይጀምራል? አሳሪዎቹ መዝገብ አልተዉልንም፤ የሞቱት አልጻፉም። የቀረው ምስክር ከእስሩ የተረፉት ቃልና በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ ያለው ነው፤ የሐዋላ ደረሰኝ፣ የስልክ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት፣ የስምና የገንዘብ ዝርዝር ያለበት የተማሪ ደብተር። ትግርኛና አማርኛ የተቀላቀለበት፣ በጥድፊያ የተጻፈ፣ አንዳንዴም የሚያሳፍር ጽሑፍ ነው። የእኔ ስምም ከነቀኑ አለበት።

ስለዚህ ይህን የሚያነብ ወገኔን አንድ ነገር እለምናለሁ። እንዲህ ያለ ወረቀት በቤትህ ቢኖር፣ በቤትሽም ቢኖር፣ አይጣል። ልጆቻችን ደብረ ሲናን ከመጽሐፍ ይማሩታል፤ ሲና በረሃን ግን ከዚያ ወረቀት በቀር የሚያስተምራቸው የለም።

ባለፈው ዓመት ከቶሮንቶ አምስት መቶ ዩሮ ደረሰኝ። ተቀበልሁት፤ ቀኑንም ጻፍሁ።