72 ሰዓት፦ የድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ከየት መጣ?

በሬዲዮ ያሰማናችሁን ዝግጅት ደጋግማችሁ እንድታነቡት በዚህ ወረቀት አትመነዋል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙዎቻችሁ “ፖስት ፒል” የምትሉት መድኃኒት ትናንት የመጣ አይደለም። በ1974 ካናዳዊው ዶክተር አልበርት ዩዝፔና ባልደረቦቹ፣ ሁለት ሆርሞኖችን ከግንኙነት በኋላ በመስጠት እርግዝናን መከላከል እንደሚቻል ጽፈው አሳተሙ። ዘዴው ግን ብዙ ሴቶችን ያስመልሳቸው ነበር። በ1998 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት ሌቮኖርጀስትሬል የተባለው ሆርሞን ብቻውን እንደሚሻል አሳየ። ከ100 ሴቶች በቀድሞው ዘዴ 3 ያህሉ ሲያረግዙ በአዲሱ ያረገዙት 1 ያህል ብቻ ናቸው። በ2002 ደግሞ 1.5 ሚሊ ግራሙን በአንድ ጊዜ መዋጥ እንደሚበቃ ታወቀ።

መብቱስ? በአገራችን በ1957 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን ማስተዋወቅ ይከለክል ነበር። በ1966 የቤተሰብ መምሪያ ማህበር ተቋቋመ። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደነገገ።

ለስደተኛ ግን ለረጅም ጊዜ የሚታሰበው ምግብ፣ ውሃና መጠለያ ብቻ ነበር። በቦስኒያና በሩዋንዳ ጦርነቶች በሴቶች ላይ የደረሰው ግፍ ይህን አስተሳሰብ ለወጠው። በ1994 የካይሮ ጉባኤ ስደተኞችም የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት እንደሚገባቸው አረጋገጠ። በ1999 በወጣው የስደተኞች የሥነ ተዋልዶ ጤና መመሪያም ለተደፈሩ ሴቶች የሚሰጥ ሕክምና ተካተተ። እዚህ ጁባም በሐምሌ 2016 ውጊያ ብዙ ሴቶች ተደፈሩ። በ2017 በጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታል ሕክምናን፣ ምክርንና የሕግ ድጋፍን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል ተከፈተ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ሁሉ ተደክሞበት የመጣ መድኃኒት ሰዓቱ ካለፈ አይጠቅምም። በካቶርም በካምፕም አንዲት ልጅ ስትደፈር ቤተሰብ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ስለ ካሳ ይነገራል። በዚህ መሐል ሦስት ቀን ያልፋል። ሦስት ቀን ማለት 72 ሰዓት ነው! ሽምግልናው ይቆይ፤ ሕክምናው ይቅደም።

እነዚህን አስታውሱ፦

- ክኒኑ ቶሎ በተወሰደ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል። ከ72 ሰዓት በኋላ እስከ 5 ቀን ቢወሰድም ኃይሉ ይቀንሳል። በ5 ቀን ውስጥ በጤና ባለሙያ የሚገባ ሉፕም ይከላከላል።
- ክኒኑ እንቁላል እንዳይለቀቅ ያዘገያል እንጂ ጽንስ አያስወርድም፤ መሃንም አያደርግም።
- በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳችሁ ድጋሚ መውሰድ ያስፈልጋል።
- ኤች.አይ.ቪን አይከላከልም። ለእሱ ሌላ መድኃኒት አለ፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን ይወሰዳል።
- የወር አበባችሁ ከሳምንት በላይ ከዘገየ የእርግዝና ምርመራ አድርጉ።

የተደፈረች ሴት ለመታከም መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ሂጂ ልትባል አይገባም። ጥፋቱ የደፋሪው ነው፤ የእሷ አይደለም። እናቶች፣ አባቶች፣ ልጃችሁ ስትነግራችሁ አትቆጧት፤ እጇን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ምስጢሯ ይጠበቃል።