ማር ጠቋሚዋ ወፍና የባላገሩ ምስክርነት

አፈ ታሪክ ሁሉ ሐሰት አይደለም፤ ሁሉም እውነት ነው ማለትም አይቻልም። ተግባራችን መርምሮ መለየት ነው። ስለ ማር ጠቋሚዋ ወፍ ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረው ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል።

በ17ኛው መቶ ዓመት በኢትዮጵያ የኖረው ፖርቱጋላዊው ሚሲዮናዊ ጄሮኒሞ ሎቦ እንደጻፈው፣ ወፊቱ የዱር ማር ስታገኝ ወደ መንገድ ዳር ወጥታ መንገደኛውን በጩኸትና በክንፏ ትጠራዋለች፤ ሲከተላትም ከዛፍ ወደ ዛፍ እየቀደመች ከንቦቹ መኖሪያ ታደርሰዋለች። ሰውየውም ማሩን ሲቆርጥ ድርሻዋን ይተውላታል። ይህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1735 በእንግሊዝኛ ታተመ።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ዛሬ በምዕራብ ጎጃም ከሚገኘው ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን ታሪኩን አጣጣለው። ቀፎ በሞላበት አገር ማር የምትጠቁም ወፍ ለምን ታስፈልጋለች? የሚል ነበር ክርክሩ። ዳሩ ግን የቀፎ ማርና የዱር ማር ለየቅል ናቸው። በመራዊ ወይም በቡሬ ገጠር ቀፎውን ከደጁ ያኖረ ገበሬ ጠቋሚ አያሻውም፤ በዛፍ ፍልፍል የተሸሸገውን ማር የሚሻው ግን ያሻዋል።

ጉዳዩን በልኬት የመረመሩት ሁሴን ኢሳቅና ሃይንዝ-ኡልሪሽ ራየር ናቸው። በሁለቱም የድንበር ወገን ከሚኖሩት ቦረናዎች መካከል በሰሜን ኬንያ ያሉትን አጥንተው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1989 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አወጡ። ማር ቆራጮቹ ያለ ወፊቱ አንድ የንብ መኖሪያ ለማግኘት በአማካይ 8.9 ሰዓት ሲፈጅባቸው፣ በእርሷ ሲመሩ 3.2 ሰዓት በቃቸው። ከጩኸቷና ከአበራረሯ አቅጣጫውንና ርቀቱን እናውቃለን ማለታቸውም እውነት ሆኖ ተገኘ። ወፊቱም ጥቅም አላት፤ ሰው በጭስና በመጥረቢያ ከከፈተው መኖሪያ ሰሙንና እጩን ትመገባለች።

በብዙ የአፍሪካ አገሮች፣ ድርሻዋን የነፈጋትን ሰው በሌላ ቀን ወደ እባብ ወይም ወደ አንበሳ ትመራዋለች ይባላል። ለዚህ በቀል ማስረጃ አልተገኘም። ይህኛው ክፍል የሚገልጸው የወፊቱን ጠባይ ሳይሆን ተካፍሎ የመብላትን ሕግ ነው።

ደን ተመንጥሮ፣ የሚከተላት ሰው ሲጠፋ፣ ወፊቱም መምራቷን ትተዋለች፤ ያን ጊዜ አፈ ታሪኩን ከምን ጋር እናመሳክረዋለን? የማር ቆራጮች ቃል ከታተመ በኋላ በልኬት እስኪፈተን ከ250 ዓመት በላይ ወስዷል። በየገጠሩ የምናስተምርና የምንጽፍ ሁሉ ከሽማግሌዎች የምንሰማውን ሳናጣጥልና ሳናስውብ፣ ከነቦታውና ከነዘመኑ እንመዝግብ።