ዕድልን ነቀምቴ ላይ መቁጠር፦ የሞባይል ክፍያ መስፈርት በሥራ ላይ ሲፈተሽ

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የሞባይል ክፍያ በአገራችን አዲስ ምዕራፍ ከፈተ። ለእንዲህ ያለ አገልግሎት «ከ100 ክፍያዎች ቢያንስ 95ቱ በ10 ሰከንድ ይጠናቀቁ» የሚል መስፈርት ቢወጣ፣ ስለ አንዲት ክፍያ የሚናገረው የለም፤ አንድ ውድቀት አያፈርሰውም፣ አንድ ስኬትም አያጸድቀውም። አዲስ አበባ በሚደረግ ቅድመ ሙከራም አይረጋገጥም፤ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ነቀምቴ መብራቷም ኔትወርኳም የራሷ ነውና። ፍተሻው ሥርዓቱ እየሠራ፣ በየከተማው ለየብቻ መካሄድ አለበት።

መሣሪያው አለ። የስታቲስቲክስ ሊቁ አብርሃም ዋልድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ለጦር መሣሪያ ምርት ቁጥጥር የቀየሰው ተከታታይ ፈተና የናሙናውን ብዛት አስቀድሞ አይወስንም። 95 በመቶን ተቀባይነት ያለው፣ 90 በመቶን የማይፈቀድ ብንል፣ የስህተት ጣሪያውንም በሁለቱም ወገን 5 በመቶ ብናደርግ፣ እያንዳንዱ ውድቀት ከዜሮ በሚነሣ ድምር ላይ 0.693 ይጨምራል፤ እያንዳንዱ ስኬት 0.054 ይቀንሳል። ድምሩ 2.944 ሲደርስ መስፈርቱ ተጥሷል፤ ከዜሮ በታች ያንኑ ያህል ሲወርድ ተሟልቷል። አምስት ተከታታይ ውድቀት ለማስጠንቀቂያ ይበቃል፤ ለማጽደቅ ግን 55 ተከታታይ ስኬት ያስፈልጋል። ይህ አለመመጣጠን ተገቢ ይመስለኛል።

ቆጠራው በአገር ደረጃ ሲጠቃለል ግን እውነቱ ይሰወራል። አንዲት ከተማ፣ ጊምቢ እንበል፣ ከክፍያዎቹ 2 በመቶውን ብትይዝና ግማሹ ቢወድቅባት፣ ሌላው አገር ደግሞ 97 በመቶ ቢሳካለት፣ ጠቅላላው 96 በመቶ ይሆናል። መዝገቡ «ተሟልቷል» ይላል፤ የጊምቢ ነጋዴ ግን ከሁለት ክፍያ አንዱ ይቀርበታል። ከዚህ የሚብሰው ዝምታው ነው። ከታኅሣሥ 2012 ማብቂያ እስከ መጋቢት ድረስ በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በሰርቨር ላይ ያለ ቆጣሪ የደረሰውን ጥያቄ ብቻ ስለሚቆጥር፣ በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድም ውድቀት አያይም። ስለዚህ ቆጠራው ከደንበኛውና ከወኪሉ ስልክ መጀመር፣ መስመር ሲመለስ መላክ አለበት፤ የተለመደው የክፍያ ፍሰት ድንገት ሲደርቅም ፈታሹ «መፍረድ አልችልም» ይበል እንጂ ያለፈውን «ተሟልቷል» ይዞ አይቀጥል።

የዋልድ ስሌት ውድቀቶች እርስ በርስ እንደማይያያዙ ይገምታል፤ የመስመር መቆረጥ ግን ብዙ ክፍያን ባንድ ጊዜ ይጥላል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው፤ የ5 በመቶው ዋስትናም በዚያው ልክ ይላላል። ለቅጣት የሚቀርብ ማስረጃ ከሆነ ስሌቱ መታረም ይኖርበታል፤ ጥገና ለመጥራት ግን ፈጥኖ መጮኹ ጉዳት የለውም። «ጥፋቱ የኔትወርኩ እንጂ የሶፍትዌሩ አይደለም» የሚለው ግን አያሳምነኝም። መስፈርቱ የሚጠይቀው ክፍያው እንዲጠናቀቅ ነው፤ ምክንያቱ በመዝገቡ ላይ ይጻፍ፣ ውድቀቱ ግን ከቆጠራው አይውጣ።