ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ዕይታ፦ የአምብሊዮፒያ ምርመራ አጭር ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1862 ሆላንዳዊው የዓይን ሐኪም ኸርማን ስኔለን የፊደል ሰንጠረዣቸውን ሲያሳትሙ የማየት ኃይልን በወጥ መለኪያ መመዘን ተቻለ። ሰንጠረዡ የተዘጋጀው ግን ፊደል ለሚለይ ሰው ነበር፤ በተለምዶ “ሰነፍ ዓይን” የሚባለው አምብሊዮፒያ ደግሞ ሥር የሚሰደው ልጁ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ነው።

ሕክምናው ከምርመራው ይቀድማል። ፈረንሳዊው ቡፎን ለሸውራራነት ደህናውን ዓይን መሸፈን እንደሚጠቅም የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1743 ነው። የችግሩን ሥር ግን ሁበልና ዊዝል እ.ኤ.አ. በ1963 አመለከቱ፤ የአንድ ዓይኑ ቆብ ተሰፍቶ ያደገ የድመት ግልገል፣ ቆቡ ከተከፈተ በኋላም ለዚያ ዓይን ምላሽ የሚሰጡ የአንጎል ሕዋሳቱ እጅግ ጥቂት ነበሩ። በዚህ መስክ ላበረከቱት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1981 ከኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆኑ።

የመለኪያውን ክፍተት ለመሙላት ፊንላንዳዊቷ ሐኪም ሊያ ሂቫሪነን እ.ኤ.አ. በ1976 በፊደል ፋንታ የፖም፣ የቤት፣ የክብና የአራት ማዕዘን ምስሎችን አቀረቡ። ሕፃኑ ስማቸውን ባይጠራ እንኳ ተመሳሳዩን በጣቱ ያመለክታል።

አንድ ዓይኑ የደከመ ልጅ በሌላው እያየ ስለሚጫወት ወላጅ አይጠረጥርም። ከ7 ዓመት በኋላ የሚጀመር ሕክምና ጨርሶ ከንቱ ባይሆንም ውጤቱ ይቀንሳል። ስለዚህ የጤና ባለሙያ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለውን ልጅ ዓይኖች ተራ በተራ እየሸፈነ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሊመረምር ይገባል።