ወደ አቃቂ መውረድ

ከአሰላም ሆነ ከበቆጂ ተነስቶ አዲስ አበባ የገባ ሯጭ ዋና ከተማዋን ያገኛት በደቡብ በሯ በኩል ነው። በአሮጌው መንገድ አዳማን፣ ሞጆን፣ ቢሾፍቱንና ዱከምን ያለፈው አውቶቡስ አቃቂን ተሻግሮ ቃሊቲ ሲደርስ ፋብሪካው፣ የባቡር ሐዲዱና ጉምሩክ የሚጠብቁ የከባድ መኪኖች ሰልፍ እንግዳውን ይቀበሉታል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ከአሰላ፣ ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ከበቆጂና ከዙሪያዋ ወደ አዲስ አበባ ያመጣቸው መንገድ ይኸው ነበር። ስለ ኢትዮጵያ ሩጫ በተወራ ቁጥር ግን ስሙ የሚነሳው እንጦጦ ነው። ባሕር ዛፉ፣ ዳገቱና ብርዱ ይተረካል፣ ፎቶግራፉም የሚነሳው እዚያው ነው። አቃቂን የሚያነሷት ሯጩ ራሱና አሠልጣኙ ብቻ ናቸው።

የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ አቃቂ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ተዘርግታለች። የአንድ ከተማ ሁለት ጫፎች በከፍታ ወደ 900 ሜትር ይለያያሉ ማለት ነው። እንጦጦ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ሲሆን አቃቂ ላይ ወደ 78 በመቶ ይጠጋል። ልዩነቱ ለቆመ ሰው አይታወቅም፣ ለሚሮጥ ግን ብዙ ነው። ታምራት ቶላ በ2016 ዓ.ም. ክረምት የፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሲያሸንፍ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ3 ደቂቃ ነው የጨረሰው። እግር ይህን ፍጥነት እንዲለምደው ደጋግሞ ሊሮጥበት ይገባል። በእንጦጦ ጫካ፣ በዚያ ዳገትና በዚያ ስስ አየር፣ ይህን ያህል ፈጥኖ ረጅም ርቀት መሮጥ የሚታሰብ አይደለም። ላይኛው ምድር ሳንባንና ደምን ያዘጋጃል፤ እግር የሚፈጥነው ግን ሜዳው ላይ ነው። ሯጮች በሳምንቱ ውስጥ «ወደ አቃቂ የምንወርድበት ቀን» እያሉ የሚለዩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ነው። በማራቶን የተሰለፉት ባሻዬ ፈለቀና ገብሬ ብርቄ 29ኛና 32ኛ ሆነው ገቡ፤ ሁለቱም የጨረሱት ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነበር። አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ምሽት ላይ፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። በዚህ መሐል የተሠራውን ሥራ ያህል በስፖርት ታሪካችን የሚያስደንቀኝ የለም። ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኢትዮጵያ የኖሩት ስዊድናዊው ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን የክብር ዘበኛ ወታደሮችን ሰዓት ይዘው፣ ርቀት ለክተው፣ ውጤታቸውን እየመዘገቡ አሠልጥነዋል። የወታደሩ ጽናት ድሮም ነበረ፤ ኒስካነን የጨመሩት ልኩን ነው።

የታችኛውን ምድር ታሪክ ይበልጥ የሚነግረን ግን ማሞ ወልዴ ይመስለኛል። አበበ የደብረ ብርሃን አካባቢ የደጋ ልጅ ነው። ማሞ የተወለደው ከአቃቂ ቁልቁል ሲሄዱ በሚገኘው በአድአ፣ በጤፍና በሽምብራ አገር ነው። ክብር ዘበኛ ገብቶ ኮሪያ ዘምቷል። ሜልቦርን ሲሄድ የ800 እና የ1,500 ሜትር ሯጭ ነበር፤ በ4 በ400 ሜትር ዱላ ቅብብልም ተሰልፏል። ማራቶን ከመግባቱ በፊት የመካከለኛ ርቀት ፍጥነት በእግሩ ነበረ ማለት ነው።

ከዚያ የ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ መጣ። ሜክሲኮ ሲቲ ያለችው በ2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ከአቃቂ ጥቂት ከፍ ብላ። ከዝቅተኛ አገር የመጡ ዝነኛ ሯጮች በዚያ አየር ተቸገሩ። የ10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤቱ አውስትራሊያዊ ሮን ክላርክ ስድስተኛ ሆኖ ገብቶ መስመሩ ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ። በዚያው ውድድር ማሞ በኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ብቻ ተቀድሞ ብር ወሰደ። ከሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 10፣ የማራቶኑ ቀን ደረሰ። እግሩን የታመመው አበበ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲያቋርጥ አደራው ማሞ ላይ ወደቀ። በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገባ፤ ሁለተኛው ጃፓናዊ ኬንጂ ኪሚሃራ ከሦስት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ደረሰ። ማሞ ያኔ 36 ዓመቱ ነበር። ለሌላው ባዕድ የነበረው ያ አየር ለእርሱ የሠፈሩ አየር ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በ40 ዓመቱ ደግሞ ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ በማራቶን ነሐስ አገኘ፤ አበበ ሮም ላይ ካሸነፈ ልክ በ12ኛው ዓመት፣ በዚያው በዘመን መለወጫ ዋዜማ። ይህን ያህል የሠራ ሰው በልጆቻችን አንደበት የአበበን ሩብ ያህል እንኳ አለመነሳቱ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ በነ አሠልጣኝ ንጉሤ ሮባና በነ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ዘመን ሩጫው ከጦር ሠራዊቱ ጓሮ ወጥቶ የክለብ ሥራ ሆነ። መከላከያ፣ ኦሜድላ፣ ማረሚያ ቤቶች፣ ንግድ ባንክ፣ መብራት ኃይል፣ ሙገር ሲሚንቶ ሯጭ ቀጠሩ፤ ደመወዝ ከፈሉ፤ ሰርቪስም መደቡ።

የአቃቂ ቀን ገና ሳይነጋ ይጀምራል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን ሰርቪሱ ከየሠፈሩ ሯጮችን እየለቀመ ወደ ደቡብ ይወርዳል። መኪናው ውስጥ ወሬ የለም፤ አብዛኛው በቱታው ኮፍያ ተሸፍኖ ያንቀላፋል። ደርሰው ሲወርዱ ሰውነታቸውን በዝግታ ያሟሙቃሉ። አሠልጣኙ የዕለቱን ሰዓት ይናገራል፤ ማን እስከ ስንተኛው ኪሎ ሜትር እንደሚመራም ይደለድላል። ከዚያ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ። የኋለኛው የፊተኛውን ተረከዝ እያየ እግሩን በእግሩ ልክ ያሳርፋል፤ የሃያ ሰው ኮቴ የአንድ ሰው ይመስላል። መሪው ነፋሱንም ሰዓቱንም ለሁሉም ይሸከማል፣ ተራው ሲያበቃ ወደ ጎን ወጥቶ ከኋላ ይገባል። ብቻን መሮጥ ለጤና ይበጃል፤ ለመለወጥ ግን ከሰው ጋር ነው፤ ይህ በሯጮቻችን ዘንድ እንደ ሕግ የሚታይ እምነት ነው። ሰርቪሱም ከኋላ እየተከተለ፣ ረዳቱ በመስኮት ውሃ ያቀብላል፤ የደከመውንም ያነሳል።

ሦስት ዓይነት መሬት አለ፦ ጫካ፣ አስፋልትና ኮሮኮንች። አቃቂ ሁለቱ አሏት። አስፋልቱ ለውድድር ፍጥነት ነው፤ ግን ጉልበትና ባት ይጎዳልና በሳምንት አንዴ ቢበዛ ነው። ኮሮኮንቹ፣ በየማሳው መሐል የሚያልፈው ጠጠርማ የገጠር መንገድ፣ ለረጅሙ ሩጫ ነው። መሬቱም የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው። የአቃቂ አፈር መረሬ ስለሆነ ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ጫማ ሥር እየተለጠፈ እግር ያስራል፤ ያኔ ከአስፋልት ሌላ አማራጭ የለም። መስቀል ካለፈ በኋላ ጭቃው ይጠነክራል፣ ጤፉ እያፈራ ይሄዳል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ የኮሮኮንች ወራት ነው።

ይህ መሬት እየጠፋ ነው። የቱሉ ዲምቱና የቂሊንጦ ኮንዶሚኒየሞች፣ ከዚያ ወዲያ የኮዬ ፈጬ ሕንፃዎች፣ የኢንዱስትሪ መንደሮቹና መጋዘኖቹ ማሳውንም መንገዱንም ውጠውታል። ቤት ለሌለው ሰው ቤት መሠራቱን የሚቃወም የለም። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው የአዳማ ፈጣን መንገድም ከአሮጌው አስፋልት ላይ ብዙ መኪና ቀንሷል፤ ሆኖም የሞጆ ደረቅ ወደብና የቃሊቲ ጉምሩክ ተሳቢዎች ዛሬም ከንጋት ጀምሮ ይርመሰመሳሉ፣ ሯጩም በጭሳቸው ውስጥ ይተነፍሳል። የእንጦጦ ጫካ ፓርክ ተብሎ ተከልሏል። ለአቃቂ ሜዳ ግን እስካሁን የተሟገተለት የለም። አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ኮሮኮንች፣ ግራና ቀኙ ዛፍ የተተከለበት፣ መኪና የማይገባበት፣ በከተማው ፕላን ላይ በቀይ መስመር ቢከበር ለሯጭም ለነዋሪውም ይበቃ ነበር። ወጪው ከአንድ ስታዲየም ጋር አይነጻጸርም፤ የጎደለው ውሳኔው ነው።

ደግሞስ የሚሮጠው አትሌት ብቻ አይደለም። ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10,000 ሰው ካሮጠ ወዲህ፣ ለውድድር ሳይሆን ለራሱ የሚሮጥ ከተሜ ተፈጥሯል። ይህን ስፖርት መሞከር ለሚሹ አንባቢዎች እንጦጦን አልመክርም፤ ጀማሪን ቶሎ ያስመርራል። እሑድ ማለዳ ቃሊቲ ድረስ በባቡር፣ ከዚያ በታክሲ ወደ አቃቂ ይውረዱ። አስፋልቱን ትተው ወደ ውስጥ ይግቡ፤ አስፋልት ላይ መሮጥ ግድ ከሆነ ከፊት የሚመጣውን መኪና እያዩ በግራ በኩል ይሂዱ። የገበሬውን ማሳ አይርገጡ፤ መንገድ እያለ ጤፍ የሚረግጥን ሯጭ እዚያ ማንም አይወድም። በመጀመሪያው ወር ግማሽ ሰዓት ይበቃል፣ አምስት ደቂቃ እየሮጡ ሁለት ደቂቃ እየተራመዱ። እየሮጡ ከጓደኛ ጋር መነጋገር ካቃተ ፍጥነቱ በዝቷል። ጫማው ከውድድር ጫማ ይልቅ ሶሉ ወፍራም የሆነ ይሻላል፤ የኮሮኮንቹ ጠጠር ስስ ሶል አልፎ ይሰማል።

የክለብ ሯጮች ከኋላ ሲደርሱብዎ መንገዱን ይልቀቁላቸው። በዝግታ የሚሄዱ ከሆነና ከፈቀዱልዎ ግን ከኋላ ይግቡ። የፊተኛውን ተረከዝ ይከተሉ፤ ሲያቅትዎ በሰልፉ መሐል አይቁሙ፣ እጅዎን አንስተው ወደ ጎን ይውጡ።